ያውቁ ኖሯል? ከሐረር የስልክ ሽቦ እስከ ከርሰ ምድሩ ፋይበር

ያውቁ ኖሯል? በአገራችን የመጀመሪያው ረጅም የስልክ መስመር አንዱ ጫፍ ሐረር ነበር። ሥራው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ተጀምሮ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር ሽቦ ተዘረጋ። ግራሃም ቤል የስልክ ፈጠራውን ያስመዘገበው በ1876 ነውና በመካከሉ ያለው 18 ዓመት ብቻ ነው። ባቡሩ ሐረርን ትቶ በድሬ ዳዋ በኩል ሲያልፍ፣ ስልኩ ቀድሞ ሐረር ገብቶ ነበር።

የመጀመሪያዎቹን የስልክ መሣሪያዎች ከጣሊያን ጉዟቸው ይዘው የመጡትም የሐረሩ ገዥ ራስ መኮንን እንደሆኑ ይነገራል።

ዛሬ ቃላችንን የሚያሻግረው ፋይበር የተባለ ቀጭን የመስታወት ክር ነው። በረጅም ርቀት ፋይበር ውስጥ ብርሃኑ የሚያልፍበት እምብርት 9 ማይክሮን ገደማ ይሰፋል። ዙሪያውን የሚያቅፈው መስታወት ሲጨመር 125 ማይክሮን ይሆናል፤ በአንድ ሚሊ ሜትር ላይ ስምንቱን ጎን ለጎን መደርደር ይቻላል።

ብርሃን በመስታወት ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ያን የምኒልክ ዘመን 477 ኪሎ ሜትር ከ3 ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል።

እ.ኤ.አ. በ1970 ጥሩ በተባለው ፋይበር ውስጥ አንድ ኪሎ ሜትር ከተጓዘ ብርሃን የሚደርሰው 2 በመቶ ገደማው ብቻ ነበር። በዛሬው ግን 15 ኪሎ ሜትር ተጉዞም ግማሹ ይተርፋል። መንገዱን እ.ኤ.አ. በ1966 ያሳየው ቻርልስ ካኦ ለዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል።

ያውቁ ኖሯል? ፋይበር ዝም ብሎ አይቀበርም። ቦዩ እንደ ቦታው ከ80 ሳንቲ ሜትር እስከ 1.2 ሜትር ይቆፈራል፤ ጠጠር ያልተቀላቀለበት አፈር ወይም አሸዋ ይነጠፋል፤ የፕላስቲክ ቱቦ ይዘረጋል፤ ከላዩ የማስጠንቀቂያ ላስቲክ ይነጠፍና አፈሩ በየንጣፉ እየተጠቀጠቀ ይመለሳል። ገመዱ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ ብዙ ጊዜም በኮምፕረሰር አየር እየተነፋ በቱቦው ውስጥ ይሄዳል።

ኮንትራክተሩ የሚከፈለው በሜትር ሲሆን፣ አፈርና ዐለት በአንድ ዋጋ አይታሰቡም። ስለዚህ ጥልቀቱ ላይ መስረቅ ቀላል ነው፤ አፈር ከተመለሰ በኋላ ማንም አያይም። ቦዩ ሳይደፈን ሜትር ይዞ የሚለካና ፎቶ የሚያነሳ ተቆጣጣሪ ለመስመሩ ዕድሜ ከምንም በላይ ዋጋ አለው ብዬ አምናለሁ።

ሁለት ፋይበሮች የሚቀጠሉት በኤሌክትሪክ ብልጭታ ቀልጠው ነው። ባለሙያው መጀመሪያ የመስታወቱን የፕላስቲክ ሽፋን ልጦ፣ መስታወቱን በአልኮል ጠርጎ፣ ጫፉን ቀጥ አድርጎ ይቆርጣል። አንዲት የአቧራ ብናኝ ቅጥሉን ታበላሻለች።

መስመር ሲበጠስ የት እንደተበጠሰ የሚናገር መሣሪያ አለ፤ ኦቲዲአር ይሉታል። ብርሃን ልኮ፣ የሚመለሰውን አንብቦ፣ ርቀቱን ይሰጣል። ሆኖም የሚሰጠው የፋይበሩን ርዝመት እንጂ የመንገዱን አይደለም። በየማንሆሉ ለጥገና ተብሎ የተጠቀለለ ትርፍ ገመድ ስላለ፣ መሣሪያው 3,000 ሜትር ሲል እግርዎ የሚደርሰው ከዚያ በፊት ነው። ልዩነቱን የሚፈታው ኮንትራክተሩ ሥራውን ሲያስረክብ የሚያቀርበው ካርታ ነው፤ ማንሆሉ የት እንዳለ፣ ምን ያህል ገመድ እንደተተወበት፣ ቦዩ የት እንደታጠፈ የተጻፈበት። ያለዚያ ካርታ የጥገና ቡድን ጤነኛውን መንገድ ደጋግሞ ይቆፍራል።

ፋይበር ውስጥ መዳብ የለም። ሌባ ቆርጦ ቢወስደው የሚሸጠው ነገር አያገኝም፤ ሰፈሩ ግን ያለ ኔትወርክ ይቀራል።

ያውቁ ኖሯል? ሁሉም ፋይበር መሬት ውስጥ አይደለም። በከፍተኛ ኃይል ማማዎች አናት ላይ በሚዘረጋው የመብረቅ መከላከያ ሽቦ ውስጥ ፋይበር የሚያልፍባቸው መስመሮች አሉ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል የተከራየው እንዲህ ያለውን ነው። ኩባንያው አገልግሎቱን በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በድሬ ዳዋ ጀምሮ ወደ ሐረርና ሐረማያ የዘለቀው አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት ነበር። ምሥራቁ እንደገና ቀደመ።

አሁን ቦይ መቆፈር ወደሚከብድበት ወደ ጁገል፣ በግንብ ወደታጠረችው ጥንታዊት የሐረር ከተማ፣ እንግባ። ግንቡን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስገነቡት አሚር ኑር ናቸው። ጥንታዊ በሮቹ አምስት ናቸው፤ ፈላና በር፣ ኤረር በር፣ ሰንጋ በር፣ ቡዳ በርና ሸዋ በር። መኪና የሚገባበት ሐረር በር ኋላ የተከፈተ ነው። በግንቡ ሥር ጅብ የሚገባባቸው ቀዳዳዎችም አሉ፤ ሐረሪዎች ወረባ ኑዱል ይሏቸዋል።

በጠባቦቹ መተላለፊያዎች ኤክስካቫተር አይገባም፤ ቁፋሮው የዶማና የአካፋ ነው። የቤቱ የድንጋይ ግድግዳ ከመንገዱ ጠርዝ ስለሚነሣ፣ ግድግዳ ተጠግቶ ጥልቅ ቦይ መቆፈር መሠረቱን ሊያናጋ ይችላል። አስፋልት ላይ በመጋዝ የሚቆረጠው ቀጭን ቦይ ሥራውን ያፋጥናል፤ የጁገልን የድንጋይ ንጣፍ ግን በመጋዝ መሰንጠቅ ተገቢ አይመስለኝም። ድንጋዩ በተራው ተነቅሎ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ወደ ቦታው ቢመለስ ይሻላል።

ጁገል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ዩኔስኮ በውስጡ 82 መስጊዶችና 102 የአውሊያ መካናት ቆጥሯል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ደግሞ በቁፋሮ ቅርስ ያገኘ ሰው ለቅርስ ባለሥልጣኑ እንዲያሳውቅና ያገኘውን ባለበት እንዲጠብቅ ያዛል። የኬብል ቆፋሪም ከዚህ ነፃ አይደለም።

እርስዎም በደጅዎ የውሃ ቱቦ ሊቀብሩ ወይም አጥር ሊያጥሩ ካሰቡ፣ ዶማው ከመነሣቱ በፊት ቀበሌዎንና የቴሌኮም ድርጅቱን ይጠይቁ። ሲቆፍሩ የማስጠንቀቂያ ላስቲክ ካዩ እዚያው ያቁሙ፤ ገመዱ ከሥሩ ነው።