ለድምፃዊት የሚስማማ ማይክራፎን በአነስተኛ ገንዘብ እንዴት ይመረጣል?

ማይክራፎን የአየርን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ መሣሪያ ሲሆን፣ ከድምፃዊት ጉሮሮ ተነሥቶ ወደ አድማጭ ጆሮ በሚደርሰው የድምፅ ጉዞ ውስጥ የመጀመሪያውን ድርሻ የያዘ በመሆኑ፣ እርሱ አጉድሎ ወይም አዛብቶ የተቀበለውን ድምፅ ከኋላው የተደረደሩት ሚክሰርና ሞንታርቦ (ድምፅ ማጉያ) መልሰው ሙሉ ሊያደርጉት አይችሉም። ስለዚህ ገንዘቧ ውስን የሆነ ድምፃዊት ከምትገዛቸው ዕቃዎች ሁሉ አብዝታ ልትጠነቀቅለት የሚገባት ማይክራፎኗ ነው፤ ሆኖም ማይክራፎን ብዙ ጊዜ የሚገዛው ዋጋው ስለረከሰ፣ መልኩ ስላማረ ወይም ታዋቂ ሰው ይዞት ስለታየ እንጂ ከዘፋኟ ድምፅ ጋር ተመዝኖ አይደለም።

ይህ ጉዳይ እንደ ሞጆ ባሉ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ይበልጥ ይከብዳል። ሞጆ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኝ፣ የአዳማና የሐዋሳ መንገዶች የሚለያዩባት፣ የጅቡቲ ባቡር የሚያልፍባትና የአገሪቱ ትልቁ ደረቅ ወደብ ያለባት ከተማ ስትሆን፣ በባሕር የሚገባው የኢትዮጵያ ሸቀጥ ብዛት ያለው ክፍል በእርሷ በኩል ያልፋል። ይሁንና በሰርግ፣ በመዘምራን ቡድን ወይም በቤት ውስጥ ስቱዲዮ የምትዘምር የከተማዋ ወጣት፣ የተለያዩ ማይክራፎኖችን ጎን ለጎን አስቀምጣ ለማነጻጸር የተሻለ ዕድል የምታገኘው ወደ አዳማ ወይም ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ በመሆኑ፣ ከመነሣቷ በፊት ምን እንደምትፈልግ ማወቋ የጉዞዋንም የገንዘቧንም ዋጋ ይወስናል።

የሴት ድምፅ ምንድን ነው?

የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት የሚለካው በድግግሞሽ፣ ማለትም በአንድ ሴኮንድ ውስጥ በሚፈጠረው የንዝረት ብዛት ሲሆን፣ መለኪያውም ኸርዝ ይባላል። በንግግር ጊዜ የወንድ ድምፅ መሠረታዊ ድግግሞሽ በአብዛኛው ከ85 እስከ 180 ኸርዝ፣ የሴት ደግሞ ከ165 እስከ 255 ኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ ይገኛል፤ በዘፈን ጊዜ ወፍራም ድምፅ ያላት ሴት ከ175 እስከ 700 ኸርዝ ገደማ፣ ቀጭን ድምፅ ያላት ደግሞ ከ260 ተነሥታ ከ1,000 ኸርዝ በላይ ልትዘልቅ ትችላለች። የእያንዳንዱ ድምፅ መለያ ጠባይ ግን በመሠረታዊው ድግግሞሽ ብቻ ሳይሆን በእርሱ ላይ እየተደረቡ እስከ ብዙ ሺህ ኸርዝ በሚወጡት ተጓዳኝ ንዝረቶች የሚወሰን በመሆኑ፣ አንድ ዓይነት ዜማ በአንድ ዓይነት ቁልፍ የሚዘፍኑ ሁለት ሴቶች ፈጽሞ የተለያየ ቃና ይኖራቸዋል።

በኢትዮጵያ ሙዚቃ ውስጥ ይህ ልዩነት ጎልቶ ይሰማል። በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ የዘፈነችው ብዙነሽ በቀለ ከነሐስ መሣሪያዎች ጩኸት በላይ የሚሰማ ጉልበት ያለው ድምፅ ነበራት፤ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ የሄደችው አስቴር አወቀ ከፍ ብሎ በሚርገበገብ፣ በቅጽበት ከፀጥታ ወደ ጩኸት በሚሻገር አዘፋፈን ትታወቃለች፤ የቻግኒዋ እጅጋየሁ ሽባባው ደግሞ ለስለስ ያለና ትንፋሽ የሚሰማበት አዜያዜም አላት። እነዚህ ሦስት ድምፆች የሴት በመሆናቸው ብቻ አንድ ዓይነት ማይክራፎን ይስማማቸዋል ማለት ስሕተት ነው፤ ስለዚህም «የሴት ማይክራፎን» ተብሎ የሚሸጥ ዕቃ ቢኖር ገዢዋ ልታምነው አይገባም።

የሰው ጆሮ ከሁሉ አብልጦ የሚነቃው ከ2,000 እስከ 5,000 ኸርዝ ላለው ድምፅ ሲሆን፣ ብዙ ማይክራፎኖች ቃል ጥርት ብሎ እንዲሰማ በማለት ይህንኑ ክልል ሆን ብለው ከፍ አድርገው ይሠራሉ። ይህ ከፍታ ድምፁ ለታፈነ ሰው ይጠቅማል፤ በተፈጥሮዋ ቀጭንና ሹል ድምፅ ላላት ሴት ግን ያለውን ሹልነት ደርቦ ስለሚያጎላው ድምፁ ጆሮ የሚወጋ ይሆናል። የምርጫው ዋና ደንብ እዚህ ላይ ነው፤ ሹል ድምፅ ለስላሳ ማይክራፎን፣ ደብዘዝ ያለ ወይም ጎርናና ድምፅ ደግሞ ጥርት አድርጎ የሚያወጣ ማይክራፎን ይፈልጋል።

ዳይናሚክና ኮንደንሰር

በገበያ ላይ ያሉት ማይክራፎኖች በአሠራራቸው በሁለት ዋና ዋና ክፍሎች ይመደባሉ። ዳይናሚክ የሚባለው በድምፅ የሚነቃነቅ ስስ ሽፋንና ከሽፋኑ ጋር ተያይዞ በማግኔት መካከል የሚንቀሳቀስ የሽቦ ጥቅል ያለው ሲሆን፣ ከውጭ የኤሌክትሪክ ኃይል የማይፈልግ፣ አቧራንና ሙቀትን የሚችል፣ መውደቅንም በተሻለ ሁኔታ የሚቋቋም ነው። ኮንደንሰር የሚባለው ግን ሁለት እጅግ የተቀራረቡ ገጾችን በኤሌክትሪክ በመሙላት የሚሠራ በመሆኑ ረቂቅ ትንፋሽን ሳይቀር ይይዛል፤ ነገር ግን ፋንተም ፓወር የሚባለውን 48 ቮልት ኃይል ከሚክሰሩ ወይም ከሳውንድ ካርዱ ማግኘት አለበት፣ አቧራና እርጥበትም በቀላሉ ይጎዱታል።

ልዩነቱን በቁጥር ለማየት፣ ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም መድረኮች ላይ የሚታየው ሹር ኤስኤም 58 የተባለው ዳይናሚክ ከ50 እስከ 15,000 ኸርዝ ሲቀበል፣ ኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲ 2020 የተባለው መጠነኛ ዋጋ ያለው ኮንደንሰር ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ይቀበላል፤ ለተመሳሳይ ድምፅም ኮንደንሰሩ የሚያወጣው የኤሌክትሪክ መጠን ከዳይናሚኩ ሰባት እጥፍ በላይ ነው። ይህ የመቀበል ኃይል በጸጥተኛ ክፍል ውስጥ በረከት ሲሆን ጸጥታ በሌለበት ግን መከራ ይሆናል። በሞጆ ዋና መንገድ ዳር ያለ የቆርቆሮ ጣሪያ ክፍል የከባድ መኪና ጩኸት፣ የባቡር ጡሩምባ፣ የጎረቤት ጄኔሬተርና የዝናብ ድብደባ ሲገባበት፣ ኮንደንሰሩ እነዚህን ሁሉ ከድምፃዊቷ ጋር አብሮ ይቀርጻል፤ ቅርብ ቅርቡን የሚሰማው ዳይናሚክ ግን አብዛኛውን ትቶ ድምፅዋን ይይዛል።

የቋንቋው ተጽዕኖ

በሞጆ አካባቢ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም የሚዘፈን በመሆኑ፣ የሁለቱ ቋንቋዎች ድምፆች በማይክራፎን ላይ የሚያሳድሩት ተጽዕኖ ሊታወቅ ይገባል። በ«ፐ» እና በ«ፈ» ጊዜ ከአፍ የሚወጣው ነፋስ የማይክራፎኑን ሽፋን በመምታት «ቡፍ» የሚል ድምፅ ያስከትላል፤ ይህንንም በፊቱ የሚቆም ፖፕ ፊልተር የተባለ ወንፊት ወይም የስፖንጅ ሽፋን ያቀልለዋል። በሁለቱም ቋንቋዎች የሚገኙት «ጠ»፣ «ቀ»፣ «ጨ» እና «ጰ» ግን የጉሮሮ በር ተዘግቶ በላዩ የታመቀ ጥቂት አየር በድንገት ሲለቀቅ የሚፈጠሩ በመሆናቸው፣ ነፋሳቸው ጥቂት ቢሆንም ፍንጥቅታቸው ፈጣንና ስለታም ስለሆነ ወንፊት አይገታቸውም። «ሰ» እና የአማርኛው «ጸ» ደግሞ ከ5,000 ኸርዝ በላይ ባለው ክልል የሚያፏጩ ሲሆኑ፣ ያ ክልል የተጋነነበት ርካሽ ኮንደንሰር በእነዚህ ፊደላት የተሞላን ግጥም ፉጨት ብቻ ያስመስለዋል።

ለዚህ ችግር ገንዘብ የማይጠይቅ መድኃኒት አለ። ማይክራፎኑን ከአፍ ትይዩ ከመያዝ ይልቅ ጥቂት ወደ ጎን ወይም ወደ አገጭ ዝቅ ማድረግ ነፋሱም ፉጨቱም በቀጥታ እንዳይመታው ያደርጋል። ርቀቱም ትልቅ መሣሪያ ነው፤ ድምፅን ከአንድ አቅጣጫ አብልጦ የሚቀበል ማይክራፎን ወደ አፍ በቀረበ መጠን ወፍራሙን የድምፅ ክፍል እያጎላ ስለሚሄድ፣ ቀጭን ድምፅ ያላት ሴት ቀረብ ብላ ብትዘፍን ድምፅዋ ሙላት ያገኛል፣ ወፍራም ድምፅ ያላት ደግሞ በጣት የሚለካ ርቀት ብትጨምር ጉርምርምታው ይቀንስላታል። እንደ አስቴር ዓይነት አዘፋፈን የምትከተል ወጣትም ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ ማይክራፎኑን ማራቅ፣ ዝቅ ስታደርግ ማቅረብ ብትለምድ ከየትኛውም ውድ ዕቃ ይበልጥ ትጠቀማለች።

ለመድረክና ለቤት

በሰርግና በአዳራሽ ለምትዘፍን ሴት ኮንደንሰር አይመከርም፤ ምክንያቱም እልልታውን፣ ከበሮውንና ኪቦርዱን አብሮ ከመቀበሉም በላይ፣ ከሞንታርቦ የወጣውን ድምፅ መልሶ በመያዝ ፊድባክ የሚባለውን የሚያደነቁር ፉጨት በቀላሉ ያስነሣል። ለመድረክ ተመራጭ የሚሆነው ካርዲዮይድ የሚባለውን፣ ከፊቱ ተቀብሎ ከኋላው የሚመጣውን የሚተወውን የአቀባበል ዓይነት የያዘ ዳይናሚክ ነው። ሱፐርካርዲዮይድ የሚባለው ዓይነት ከጎን የሚመጣውን ድምፅ ይበልጥ የሚከላከል ቢሆንም ከጀርባው ጥቂት ስለሚቀበል፣ ለዘፋኟ የተቀመጠው ስፒከር ቀጥታ ከጀርባው ሳይሆን ሰያፍ ሊቆም ይገባዋል። በሁለቱም ዓይነቶች የማይክራፎኑን ራስ በእጅ መጨበጥ የአቀባበል አቅጣጫውን ስለሚያበላሸው ፉጨትን ይጠራል።

ከካርዲዮይድ ዳይናሚኮች መካከል ቤሪንገር ኤክስኤም 8500 በውጭ ገበያ ከ20 እስከ 30 ዶላር፣ ሹር ኤስኤም 58 እና ዜንሃይዘር ኢ 835 ደግሞ 100 ዶላር አካባቢ ዋጋ ያላቸው ሲሆን፣ ኢ 835 ጥርት ወደማለት፣ ኤስኤም 58 ደግሞ ወደ መካከለኛው ድምፅ የሚያደሉ በመሆናቸው፣ ደብዘዝ ላለ ድምፅ ኢ 835፣ ለሹል ድምፅ ኤስኤም 58 በቅድሚያ ቢሞከሩ ይመረጣል።

ለቤት ቀረጻ ኮንደንሰር የሚገዛው ክፍሉ ከተዘጋጀ በኋላ መሆን አለበት። ከድምፃዊቷ ጀርባና በሁለቱ ጎኖቿ ብርድ ልብስ ወይም ፍራሽ ማቆም፣ ወለሉን በምንጣፍ መሸፈን፣ መኪና በሚቀንስበት ሰዓት መቅረጽ፣ ሥራው ሲያበቃም ማይክራፎኑን ከአቧራ በሚከላከል ከረጢት ማስቀመጥ በጥቂት ወጪ ትልቅ ውጤት ያስገኛሉ። ይህ ሳይሟላ የተገዛ ኮንደንሰር የድምፃዊቷን ሳይሆን የባዶ ግድግዳውን ድምፅ ይቀርጻል።

ገበያውና ሐሰተኛው ዕቃ

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎች የብር ዋጋ በእጅጉ የጨመረ በመሆኑ፣ ፎርጅድ ዕቃን በኦርጅናል ዋጋ መግዛት ከቀድሞው የከፋ ኪሳራ ሆኗል። በዓለም ላይ በብዛት ተመሳስለው ከሚሠሩት ማይክራፎኖች አንዱ ኤስኤም 58 ሲሆን፣ እውነተኛው 298 ግራም ያህል ስለሚመዝን በሚዛን ላይ ማስቀመጥ ቀላል ፈተና ነው፤ ክብደቱ መስማማቱ ብቻውን ማረጋገጫ ባይሆንም እጅግ የቀለለው ግን ወዲያው ይጋለጣል። የታወቀ ስም በግማሽ ዋጋ ሲቀርብ ከመደሰት ይልቅ መጠርጠር ተገቢ ነው፤ ስሙ ያልገነነ ግን በራሱ ስም የሚሸጥ ርካሽ ዳይናሚክ፣ የሌላውን ስም ከለጠፈው ሐሰተኛ ይሻላል። ከገንዘቡም የተወሰነው ባለ ሦስት እግሩን የኤክስኤልአር ኬብል ለመግዛት መቀመጥ አለበት፤ ከርካሽ ማይክራፎን ጋር የሚመጣው ባለ አንድ ጃክ ገመድ ርዝመቱ ሲጨምር የኤሌክትሪክ ጉርምርምታን የሚያስገባ ነው።

ፈተናው በራሷ ድምፅ

ድምፃዊቷ ወደ ሱቅ ስትሄድ «ሄሎ፣ አንድ ሁለት» በማለት ብቻ ማይክራፎን መፈተን አይበቃትም። ዝቅተኛውንም ከፍተኛውንም ድምፅዋን የምታወጣበትን፣ «ሰ»፣ «ጸ» እና «ጠ» የበዙበትን አንድ ዜማ መርጣ፣ ያንኑ ዜማ በሁለት ወይም በሦስት ማይክራፎኖች፣ በአንድ ዓይነት ርቀት፣ የሚክሰሩ ኤኮ ተዘግቶና ኢክዋላይዘሩ መሐል ላይ ተቀምጦ ልትዘፍን ይገባል። የሚክሰሩ አቀማመጥ ለወንድ ዘፋኝ እንደተስተካከለ ቀርቶ ከሆነ፣ ጥሩ ማይክራፎንም በእርሷ ድምፅ ላይ ቀጭንና ደረቅ መስሎ ስለሚሰማ ፍርዱ ይዛባል። ከተቻለ ድምፁ ተቀርጾ በሄድፎን ይደመጥ፤ አብሯት የሄደ ሰውም የማይክራፎኖቹን ስምና ዋጋ ሳያይ የትኛው እርሷን ራሷን እንደሚመስል ይናገር። ደጋግሞ ሲደመጥ የማያደክመው፣ ቃሉን ሳይደብቅ ሹልነቱን የሚያለዝበው እርሱ ትክክለኛው ነው።

በጠቅላላው በሞጆና በአጎራባች ከተሞች ለምትዘፍን፣ አንድ ማይክራፎን ብቻ የመግዛት አቅም ላላት ሴት የሚበጀው ኦርጅናል የሆነ ካርዲዮይድ ዳይናሚክ ነው፤ እርሱ በመድረክም በቤትም ያገለግላል፣ አቧራውንም ሙቀቱንም ይችላል። ኮንደንሰር ጸጥ ያለ ክፍል ካዘጋጀች በኋላ የሚታሰብ ሁለተኛ ግዢ ነው። ነጋዴዎችም ሆኑ የሰርግ አዳራሽ ባለቤቶች፣ የመዘምራን አስተባባሪዎችም ሆኑ የድምፅ ባለሙያዎች፣ ለሴት ዘፋኝ ማይክራፎን ከመስጠታቸው በፊት የራሷን ዜማ በራሷ ድምፅ እንድትሞክርበትና ሚክሰሩም ለእርሷ ድምፅ እንዲስተካከል ጥቂት ደቂቃዎች ሊፈቅዱላት ይገባል።