ራጅ በአጉሊ መነጽር ይሰበሰባል?

ቅዳሜ ቅዳሜ ምግብ ቤቴ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ የቤት ሥራውን የሚሠራ ልጅ አለ። ከአገር ቤት ከመጣ ዓመት አልሞላውም፤ ክፍል ውስጥ አፉን አይከፍትም ትላለች እናቱ። ባለፈው ግን እኔን ጠየቀኝ፦ «ጋሼ፣ የፀሐይን ብርሃን በአጉሊ መነጽር ሰብስበን ወረቀት አቃጠልን። ራጅስ እንዲህ ይሰበሰባል?» ኮሌጅ ጀምሬ ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። «ቆየኝ» ብዬው ሳነብ አመሸሁ።

ለምን መሰብሰብ እንዳስፈለገ ልንገራችሁ። ጨው ውስጥም ሆነ ብረት ውስጥ አተሞች በሥርዓት ተደርድረዋል። ራጅ ሲያርፍባቸው በተወሰኑ አቅጣጫዎች ጎልቶ ይወጣል፤ ከዚያ በመነሳት ነገሩ ምን እንደሆነ ይታወቃል። ግን ሚጥሚጣን አስቡ፤ በማንኪያ ከቀመሳችሁት በርበሬው፣ ኮረሪማውና ጨው አንድ ላይ ነው የሚመጣው። ሰፊ ጨረርም እንዲሁ ሁሉንም ቀላቅሎ ይመልሳል። አንዲቷን ቅንጣት ለይቶ ለማወቅ እሷ ላይ ብቻ ማረፍ አለበት። በቀዳዳ ማጥበብ ይቻላል፤ አብዛኛው ጨረር ግን ይባክናል።

ተራ አጉሊ መነጽር ደግሞ ራጅን የሚያጥፈው ከቁጥር በማይገባ መጠን ነው። መስታወት ላይም ፊት ለፊት ቢለቁት አይመለስም። የሚነጥረው በጣም ተጋድሞ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ዲግሪ ባነሰ ማዕዘን ሲነካው ነው፤ ልጆች ጠፍጣፋ ድንጋይ ሐይቅ ላይ እንደሚያስነጥሩት ማለት ነው።

በ1948 እ.ኤ.አ. ፖል ኪርክፓትሪክና ተማሪው አልበርት ባኤዝ፣ አሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ሁለት ጎበጥ ያሉ መስታወቶችን አከታትለው አቆሙ። አንዱ ጨረሩን ከላይና ከታች፣ ሌላው ከግራና ከቀኝ ይሰበስበዋል። ዛሬም በስማቸው የሚጠሩት መስታወቶች ጨረሩን ከፀጉር ውፍረት እጅግ ወዳነሰ ነጥብ ያወርዱታል። ባኤዝ ሜክሲኮ ተወልዶ በሕፃንነቱ ከወላጆቹ ጋር ወደ አሜሪካ የተሰደደ ነው። ዘፋኟ ጆአን ባኤዝ ልጁ ናት፤ የእኔ እኩዮች ታውቋታላችሁ።

ጥቅሙን ላሳያችሁ። በ2023 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ከሞናሊዛ ሥዕል የተወሰደች፣ በዓይን ለማየት የምታስቸግር ቅንጣት ፈረንሳይ ግሬኖብል ባለው የራጅ ማዕከል ተመርምራ ነበር። ፕላምቦናክራይት የሚባል የእርሳስ ውህድ ተገኘባት። ሊዮናርዶ ዘይቱ እንዲወፍርና እንዲደርቅለት የእርሳስ ኦክሳይድ ሳይጨምርበት አልቀረም ማለት ነው። ወጥ እንደማወፈር ነው እንግዲህ!

ልጁ ሲመለስ ይህን ሁሉ ነገርኩት። «አስተማሪህንስ ጠየቅካት?» አልኩት። አልጠየቃትም። ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ወረቀት ላይ ጽፎ ኪሱ ከቶታል፤ ሰኞ እጁን አወጣለሁ ብሏል።