እንግዳይቱ ድመትና የቤታችን ጉርሻ

በአገራችን ልማድ እንግዳ ሲመጣ ለእጁ ውኃ ይቀርባል፤ ገበታ ይዘረጋል፤ «ብሉ እንጂ፥ በሞቴ!» እየተባለ ይለመናል፤ በቃኝ ቢል እንኳ ጉርሻ ይከተለዋል። ይህ ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ይህንኑ ልማድ ሳንመረምር ብንፈጽምለት የምንጎዳው አንድ እንግዳ አለ፤ እርሱም ታምሞ ከመንገድ ወደ ቤታችን የገባ ድመት ነው። ዛሬ ለአንባብያን የማቀርበው በገዛ ቤቴ ተሳስቼ የተማርሁትን ነው። ጉዳዩ ትንሽ ይመስል ይሆናል፤ ዳሩ ግን በሕፃናት ፊት አንዲት ነፍስ ስትዳከም ማየት ለቤተ ሰብ ትንሽ ነገር አይደለም።

የምኖረው በአዲጋላ ነው። አዲጋላ ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው የባቡር መንገድ ላይ፥ አይሻ ሳይደረስ የምትገኝ የሶማሌ ክልል ቆላ ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የመጀመሪያው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ የደረሰው በዚህች ምድር አልፎ ነው፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሄደው ባቡርም መንገዱ በዚሁ በኩል ነው። ባለፈው ዓመት፥ በዐቢይ ጾም እኩሌታ፥ የዘጠኝ ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በአሮጌው ሐዲድ አጠገብ ወድቃ ያገኘቻትን ድመት በነጠላዋ ጠቅልላ አመጣች። ድመቲቱ የጎድን አጥንቷ የሚቆጠር፥ ዐይኖቿ በዐይናር የተጣበቁ፥ አፍንጫዋም የተደፈነ ነበር።

እኛም እንደ ልማዳችን ለማብላት ተሽቀዳደምን። ባለቤቴ እንጀራ በሽሮ አጥቅሳ አቀረበችላት፤ አልነካችውም። ከጎረቤት የግመል ወተት አስመጣን፤ ፊቷን አዞረች። ልጆቹ ዙሪያዋን ከበው «ብይ! ብይ!» አሏት። በመጨረሻ እኔ ራሴ አንገቷን ይዤ ወተቱን በማንኪያ ወደ አፏ አፈሰስሁት። ድመቲቱ ታነቀች፤ ሳለች፤ ከእጄም አምልጣ ከአልጋ ሥር ገባች። ሌሊቱንም ሙሉ አልወጣችም።

በማግሥቱ ልጄ አንድ ጥያቄ አመጣችብኝ። «አባባ፥ የነነዌ ሰዎች ሲጾሙ ከብቶቻቸውም ጾመዋል ብለው ነግረውን አልነበረም? ድመቷም እንደዚያ ጹማ ይሆን?» አለችኝ። ጥያቄዋ የሚናቅ አልነበረም፤ በቤታችን በዚያ ወራት ሥጋም ዕንቁላልም አልነበረምና። እኔም እንዲህ ስል መለስሁላት፦ የነነዌው ዐዋጅ በአንዲት ከተማ ላይ ስለ መጣ ቍጣ አንድ ጊዜ የወጣ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን የጾም ሥርዓት ግን የተሠራው ፈቃዱን መግታት ለሚችለው ለሰው ነው፤ ለታመመ ሰውም ቢሆን ይላላለታል። ድመት ከሥጋ በቀር የሚያኖራት እኽል የለም። ለዐይኗና ለልቧ የሚያስፈልጋት ታውሪን የሚባለው ንጥረ ነገር ከእንስሳት ሥጋ እንጂ ከሽሮና ከምስር አይገኝም። ይህ ንጥረ ነገር ሲጎድልባት ዐይኗ እንደሚታወር በ1975 እ.ኤ.አ.፥ ልቧም እንደሚደክም በ1987 እ.ኤ.አ. በምርምር ታውቋል። ስለዚህ የሚጾም ክርስቲያን ድመት ቢያሳድግ፥ እርሱ ከሥጋ ሲከለከል ለእርሷ ግን ሥጋ ሊያዘጋጅላት ይገባል።

ያን ዕለት ማታ ሥጋውን ያገኘነው ካላሰብነው በኩል ነው። ወተቱን የሰጠችን ጎረቤታችን፥ የኢሳ ተወላጅ የሆነች ወይዘሮ፥ ነገሩን ሰምታ ጥቂት የተቀቀለ የፍየል ሥጋ ከነመረቁ ይዛልን መጣች። እኛ የእነርሱን ዕርድ፥ እነርሱም የእኛን ዕርድ እንደማንበላ የታወቀ ነው፤ ድመቲቱ ግን ይህ ወሰን አልነበረባትም። ወይዘሮዋም ልጆቹ ከአልጋው ሥር ሲያጮልቁ አይታ፥ «መዓሊን፥ ቢሰድ ሰው ሁሉ እያያት አትበላም፤ አስቀምጡላትና ዘወር በሉ» አለችኝ። መዓሊን በቋንቋቸው መምህር፥ ቢሰድም ድመት ማለት ነው። መምህሩ በዚያ ማታ ተማሪ ሆነ።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ገና ሳይነጋ ከአልጋው ሥር የመላስ ድምፅ ሰማን። የላሰችው መረቅ አንድ የሻይ ማንኪያ ቢሆን ነው። በዚያው ቀን በካርቶን አድርገን ወደ ድሬዳዋ ይዘናት ሄድን። ሐኪሙም መርምሮ የድመት ጉንፋን እንደ ያዛት፥ ምላሷም እንደ ቈሰለ ነገረን። ከዚያ ወዲያ ከሐኪሙ የተማርነውንና በቤታችን የሠራንበትን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ድመት አልበላም ስትል ምክንያት እንዳላት እንወቅ። የማያውቁት ቤትና የሰው ብዛት ያስፈራታል። ድመት ምግቧን የምትመርጠው ከሁሉ አስቀድሞ በማሽተት ነው፤ ስለዚህ አፍንጫዋ ሲደፈን ምግቡ በፊቷ እያለ እንደሌለ ይሆንባታል። የአፍ ቍስል፥ የጥርስ ሕመም፥ ትኵሳት፥ የሆድ ትል፥ በአንጀት የተሰነቀረ አጥንት ወይም ክር፥ እነዚህም ሁሉ ከምግብ ይከለክሏታል። እምቢታዋ የሕመም ምልክት ነውና በክፋት አይተርጐምባት።

ሁለተኛ፤ መጠጊያ ይሰጣት። ነፋሻና ጸጥ ባለ ክፍል፥ በአንድ በኩል የተከፈተ ካርቶን በአሮጌ ጨርቅ አንጥፎ ማስቀመጥ ይበቃል። በስተ ሌላው ማዕዘን አሸዋ የሞላ ዝቅ ያለ ሣጥን ለዐይነ ምድሯ ይቀመጥ፤ ድመት ከመጸዳጃዋ አጠገብ መብላት አትወድምና ከምግቧ ይራቅ። ሌላ ድመት ወይም ውሻ ያለበት ቤት ቢሆን ለየብቻ ይቈዩ። ጠባቂዋም አንድ ሰው ይሁን፤ ገብቶ ዝም ብሎ ይቀመጥ፤ ዐይን ለዐይን አፍጥጦ አይያት።

ሦስተኛ፤ ከምግብ ይልቅ ውኃ ይታሰብ። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ የዘር ጥናት እንዳሳየው የቤት ድመት የወጣችው በመካከለኛው ምሥራቅ ደረቅ ምድር ከኖረች የዱር ድመት ነው፤ ይህ የዱር ድመት ወገን በእኛም አገር ቆላ ይኖራል። የበረሓ ልጅ ስለሆነች ከውኃዋ ብዙውን የምታገኘው ከበላችው ሥጋ ነው፤ ስለዚህ መብላት ያቆመች ድመት መጠጣትም ያቆመች ያህል ናት። በትከሻዋ መካከል ያለውን ቆዳ በቀስታ ቈንጥጠን ስንለቀው ቶሎ ካልተመለሰ፥ ድዷም ደርቆ የሚጣበቅ ከሆነ፥ ውኃ አንሷታል፤ ይህም ሐኪም የሚያስፈልገው ነው። በቤት ግን ንጹሕ ውኃና ጨው የሌለበት ለብ ያለ መረቅ በየሰዓቱ ይቅረብላት።

አራተኛ፤ አፍንጫዋ ይጸዳ። ጥጥ ለብ ባለ ውኃ ነክሮ ዐይኗንና አፍንጫዋን በቀስታ መጥረግ ነው፤ ጥጡ ከተጠረገ በኋላ ይጣል፤ እጅም በሳሙና ይታጠብ። ብዙ ጊዜ ድመቷ ከዚህ በኋላ የምግቡን ሽታ ታገኛለች።

አምስተኛ፤ ምግቡ ትንሽ፥ ለብ ያለና ቅመም የሌለበት ይሁን። የተቀቀለ የፍየል ወይም የዶሮ ሥጋ ያለ አጥንት ደቅቆ፥ የተቀቀለ ዕንቁላል፥ ወይም ዓሣ ከነሽታው ጥሩ ነው። ሙቀቱ እንደ ሰውነቷ፥ 38 ዲግሪ ያህል ቢሆን ሽታው ይነሣል፤ ጣት ቢነካው የማያቃጥል ማለት ነው። በስኒ ማስቀመጫ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል አቅርቦ ዘወር ማለት፥ ከሃያ ደቂቃ በኋላም የተረፈውን ማንሣት ይገባል፤ በቆላው ሙቀት ሥጋ ቶሎ ይበላሻልና። ይህ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ይደገም፤ ይልቁንም በንጋትና በማታ ብርድ። ጥቂት መረቅ በፊት እግሯ ላይ ቢቀባ እርሱን ስትልስ ጣዕሙን ታገኝ ይሆናል። መብላት በጀመረች ጊዜም ደስታችን ልክ ይኑረው፤ ብዙ የተራበ ሰውነት በአንድ ጊዜ ብዙ ቢሰጠው ይጎዳል።

እንግዲህ የማይደረገውን ደግሞ እንመልከት። በግድ ማጉረስ አይገባም። ወደ አፏ የፈሰሰው ነገር ወደ ሳንባዋ ገብቶ የሳንባ ምች ያመጣባታል፤ ከዚህም በላይ ያን ምግብ ከጭንቀቷ ጋር አያይዛ ለወደፊቱ ትጠላዋለች። ሐኪም ካዘዘና ካሳየ ብቻ በመርፌ አልባ ስሪንጅ ጥቂት በጥቂት ይሰጣታል። ወተት፥ የላም ቢሆን የፍየልም ሆነ የግመል፥ ለብዙ አዋቂ ድመቶች ተቅማጥ ያመጣል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደሟን ያጠፋሉ፤ እኔ ያን ቀን ሽሮውን ስላልነካች ፈጣሪን አመሰግናለሁ። ትኵሳት አላት ብሎ ፓራሲታሞል መስጠት ደግሞ ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ለሰው የሚሆነው አንድ ክኒን ድመትን ሊገድል ይችላል።

መጠበቅ ይገባል ስንል ዝም ብሎ መተው ማለት አይደለም። ድመት ሁለት ሦስት ቀን ሳትበላ ስትቀር ሰውነቷ ያከማቸው ስብ ወደ ጉበቷ ይጎርፋል፤ ጉበቷም በስብ ተሞልቶ ሥራውን ያቆማል፤ ወፍራም ድመት በዚህ ይበልጥ ትጎዳለች። ከመንገድ የመጣች ድመት ደግሞ ከመቼ ጀምሮ እንዳልበላች አይታወቅም፤ ስለዚህ ቤት ከገባች አንድ ቀን ሙሉ አልበላም ካለች ሐኪም ይጠየቅ። ለግልገል ድመት ግን ግማሽ ቀንም ብዙ ነው። ድዷ ወይም የዐይኗ ነጭ ቢጫ ከሆነ፥ ደጋግማ ካስታወከች፥ በአፏ ከተነፈሰች ሰዓትም አይባክን። በአርብቶ አደር አገር የእንስሳት ሐኪም ውሎው ከግመልና ከፍየል ጋር ቢሆንም ድመትን ለማየት አያፍርም፤ ጠይቁት። በምሥራቁ አገራችን ሐረማያ ዩኒቨርሲቲና ጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ያስተምራሉ።

ወላጆች ሆይ፥ አንድ ነገር ከሁሉ አስበልጡ። ልጄ የማታውቃትን የታመመች ድመት በእጇ ማንሣቷ ስሕተት ነበር፤ ስሕተቱም አስቀድሜ ያላስተማርኋት የእኔ ነው። መዋጥ ያቃታት፥ ለሃጭ የምታዝረከርክ፥ ያለ ምክንያት የምትነክስ ወይም እንደ ሰከረ የምትንገዳገድ ድመት የእብድ ውሻ በሽታ ይዟት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለችውን ማንም አይንካ፤ በአፏም ጣት አይግባ። የነከሰችው ወይም የቧጨረችው ሰው ቢኖር ቍስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ በሽታው ምልክቱን ካሳየ በኋላ መድኃኒት የለውምና። ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ የድመት ዐይነ ምድር አታንሣ፤ በፅንስ ላይ ጉዳት የሚያደርስ ተሕዋስ ሊኖርበት ይችላል።

የእኛይቱ ድመት ከሐኪሙ በተሰጣት መድኃኒት ቀስ በቀስ ዳነች። አንድ ዐይኗ እስከ ዛሬ ጭጋግ አለበት። በትንሣኤ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ገበታ በቀረበ ጊዜ ልጄ ከዶሮ ወጡ ቈርሳ ልታጎርሳት ተነሣች። ሽንኩርቱንና አጥንቱን አስቤ ከለከልኋት። እርሷም ጥቂት ተከፋች፤ ኋላ ግን እናቷ ሳይቀመም ለብቻ ከቀቀለችው ሥጋ ወስዳ፥ በጣቷ አድቅቃ፥ በስኒ ማስቀመጫ አድርጋ ከካርቶኑ ፊት አኖረችና ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። እኛም ሁላችን ወደ ገበታችን ዞርን። ድመቲቱም በላች።

ጉርሻችን ለሰው ይሁን፤ የምንወደውን ሰው በእጃችን ማጉረሳችንን አንተው። ወደ ቤታችን ለገባ እንዲህ ላለ ፍጥረት ግን ፍቅራችን የሚገለጸው ምግቡን አዘጋጅቶ፥ ሕመሙን አስታሞ፥ ፊትን ዘወር በማድረግ ነው። ይህን ልጆቻችን ከእኛ አይተው ቢማሩት ከድመቷ ይልቅ የሚጠቀሙት እነርሱ ናቸው።