የዓሣ ጉበትና ሐሞት ስለ ነዳጅ ብክለት ምን ይመሰክራሉ?

እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 1989 ኤክሶን ቫልዴዝ የተባለችው ነዳጅ ጫኝ መርከብ በአላስካ፣ ፕሪንስ ዊሊያም ሳውንድ በተባለው የባሕር ወሽመጥ ከውኃ ሥር ካለ ዐለት ጋር ተጋጭታ ወደ 40 ሚሊዮን ሊትር የሚደርስ ድፍድፍ ነዳጅ አፈሰሰች። ጥቁሩ ዘይት ከውኃው ገጽ ከጠፋ በኋላ ግን አንድ ጥያቄ ቀረ፤ በዚያ የሚኖሩት ዓሦች አሁንም ለነዳጁ ይጋለጣሉን?

የዓሣውን ሥጋ መመርመር ቀላሉ መንገድ ይመስላል፤ ነገር ግን አያዋጣም። በነዳጅ ውስጥ ካሉት እጅግ መርዛማ ውህዶች መካከል ፖሊሳይክሊክ አሮማቲክ ሃይድሮካርቦኖች የሚባሉት በስንጥብ ወይም በምግብ በኩል ወደ ዓሣው ሰውነት ቢገቡም፣ ጉበቱ ፈጥኖ ስለሚለውጣቸው በሥጋው ብዙም አይጠራቀሙም። ስለሆነም የሥጋው ንጹሕ ሆኖ መገኘት ዓሣው ለብክለት አለመጋለጡን አያረጋግጥም።

ተመራማሪው እንግዲህ ፊቱን ወደ ጉበቱ ያዞራል። ውህዶቹ በሕዋስ ውስጥ ከአንድ ተቀባይ ፕሮቲን ጋር ሲጣመሩ፣ ሳይቶክሮም ፒ450 1ኤ የተባለው ኢንዛይም በብዛት መመረት ይጀምራል። የኢንዛይሙ ተግባር በውህዱ ላይ ኦክስጅን በመጨመር በውኃ ለመሟሟት ማዘጋጀት ነው። (የሚያስገርመው፣ በዚህ ሂደት ከሚገኙት ውጤቶች አንዳንዶቹ ከመነሻው ውህድ ይልቅ ለዲኤንኤ አደገኛ መሆናቸው ነው።) የኢንዛይሙን ኃይል ለመለካት ከጉበቱ የተዘጋጀው ናሙና ኤቶክሲሬሶሩፊን ከተባለ ንጥረ ነገር ጋር ይቀላቀላል፤ ኢንዛይሙ ይህን ወደ ሬሶሩፊን ሲለውጠው የሚፈልቀው ቀላ ያለ ብርሃን በመሣሪያ ይለካል።

የተለወጡት ውህዶች ወደ ሐሞት ከረጢት ይገባሉ፤ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያርፍባቸውም ያበራሉ። ዓሣው በተመገበ ቁጥር ሐሞቱን ወደ አንጀቱ ስለሚያፈስ ግን፣ ሐሞት የሚናገረው የቅርብ ቀናትን ታሪክ ብቻ ነው።

በአላስካም ከ1996 እስከ 1999 በባሕሩ ዳርቻ የተያዙ ዓሦች ሲመረመሩ፣ ነዳጅ ደርሶባቸው በነበሩት ሥፍራዎች የተገኙት ካልደረሰባቸው ሥፍራዎች ይልቅ ከፍ ያለ የኢንዛይም ምልክት አሳዩ። ምንጩ የመርከቧ ነዳጅ ሳይሆን በአካባቢው ከጥንት የነበረ ሃይድሮካርቦን ሊሆን ይችላል ሲሉ የተከራከሩ ሳይንቲስቶችም ነበሩ። ክርክሩ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ኢንዛይሙ ፒሲቢ በመሳሰሉ ሌሎች በካዮችም ይቀሰቀሳልና። በዚህም ላይ የውኃው ሙቀት ይለውጠዋል፤ እንቁላል ለመጣል በተቃረበች ሴት ዓሣ ደግሞ ይቀንሳል። ስለዚህ ያለ ንጽጽር ሥፍራ የተወሰደ አንድ ልኬት ብዙ አይረባም። ደግሞም ጠቋሚው መጋለጥን እንጂ ጉዳትን አይለካም።

ይበልጥ የሚያሳስበው ግን የጠቋሚው ዝምታ ነው። በአሜሪካ ቨርጂኒያ፣ በኤልዛቤት ወንዝ፣ ለእንጨት ማቆያ ከሚውለው ክሪዮሶት የመጡ እነዚሁ ሃይድሮካርቦኖች የወንዙን ወለል ክፉኛ በክለውታል። በዚያ ለብዙ ትውልድ የኖሩ ኪሊፊሽ የተባሉ ትናንሽ ዓሦች ከመርዙ ጋር ተላምደው፣ በቤተ ሙከራ ለእነዚሁ ውህዶች ሲጋለጡ እንኳ ኢንዛይማቸው እምብዛም አይነሣሣም።