ቁልቋል ካክተስ አይደለም

ከጎንደር አራዳ ወጣ ብሎ ድንጋያማውን ዳገት የተያያዘ ሰው ከቁልቋል ጋር መገናኘቱ አይቀርም። ግንዱ ከታች እንደማንኛውም ዛፍ ደርቆ ይጠነክራል፤ ከወገቡ በላይ አረንጓዴ ክንዶቹ ወደ ሰማይ ተቀስረው መቅረዝ ይመስላሉ። እስከ 10 ሜትር ሊያድግ ይችላል። ከብት ስለማይደፍረው ለአጥር ይተከላል፤ አጥር ሆኖ ስለኖረም ማንነቱን የሚጠይቅ እምብዛም የለም።

ብዙ ሰው ካክተስ ይመስለዋል። በአንዳንድ አካባቢ ከአሜሪካ አህጉር የመጣው በለስ የተባለው ካክተስም ቁልቋል እየተባለ ስለሚጠራ ስሙ ራሱ ያሳስታል። የአገራችን ቁልቋል ግን በዝምድና ለጉሎና ለብሳና ይቀርባል። ገበሬው ለአጥር የሚተክለው ቅንጭብ ደግሞ የቅርብ ወንድሙ ነው። ሁለቱም ኢዩፎርቢያ በሚባለው፣ ወደ 2,000 የሚጠጉ ዝርያዎች ባሉት ወገን ውስጥ ይመደባሉ።

መለያው ወተቱ ነው። በለስ ሲቆረጥ ውሃማ፣ የሚያዳልጥ ፈሳሽ ይወጣዋል፤ ቁልቋል ግን ጫፉ ሲነካ ነጭ ወተት ያንዠቀዥቃል። ወተቱ ቆዳ ይለበልባል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ለከፋ ጉዳት ይዳርጋል። እሾሁም ይለያል፤ በክንዱ ጠርዝ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይሰለፋል።

ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ይህን ወተት በሰይፉ ፈትኖታል። ከምጽዋ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1769 መጨረሻ የታራንታን ተራራ ሲወጣ ቁልቋልን አየ፤ በ1770 ጎንደር ገባ። ሁለት ቅርንጫፍ ቢቆርጥ አራት ጋሎን ያህል ወተት እንደፈሰሰ፣ ሰይፉን ወዲያው ቢያጥበውም እድፉ እንዳልለቀቀ ጽፏል። የጉዞ መጽሐፉ በ1790 ታተመ፤ በዓመቱ ግሜሊን የተባለ ጀርመናዊ ተክሉን ኢዩፎርቢያ አቢሲኒካ ብሎ በሳይንስ መዝገብ አሰፈረው። የኢትዮጵያ የቀድሞ ስም ከዛፉ ጋር በዓለም የዕፅዋት መጻሕፍት የገባው እንዲህ ነው።

ዘመዶቹ ሩቅ ደሴቶች ላይም አሉ። ከሞሮኮ ፊት ለፊት ባሉት የካናሪ ደሴቶች የሚበቅለው ኢዩፎርቢያ ካናሪየንሲስ በሌላ የምድር ክፍል የማይገኝ ሲሆን፣ ለጎንደር ሰው ቢያሳዩት «ቁልቋል ነው» ማለቱ አይቀርም። ግራን ካናሪያ ደሴት የራሷ ምልክት አድርጋዋለች። በየመኗ ሶኮትራም የደሴቲቱ ብቻ የሆኑ ዝርያዎች አሉ። ቦታቸው ጠባብ፣ ቁጥራቸው ጥቂት የሆኑ ዝርያዎች ስላሉ ግንደ ወፍራም ኢዩፎርቢያዎችን ከአገር አገር መነገድ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ይደረግበታል።

እነዚህን ሁሉ ያመሳሰላቸው የውሃ ችግር ነው። የቁልቋል ቅጠል ኢምንት ነው፤ የቅጠሉን ሥራ የሚሠራው አረንጓዴው ክንድ ነው። ፀሐይ ስትከር የቆዳውን ቀዳዳዎች ይዘጋል፤ የሚያስፈልገውን አየር በሌሊቱ ቅዝቃዜ ይስብና ለቀን ሥራው ያስቀምጣል። በበጋ ሣሩ ሲደርቅ እሱ ለምልሞ የሚታየው ለዚህ ነው።

ቢጫ አበባው በክንዱ ጫፍ ሲፈነዳ ንብ ትርመሰመስበታለች። ቀረብ ብሎ ላየው፣ አንድ አበባ የሚመስለው ትንሽ ጽዋ በውስጡ ብዙ አበቦችን ይዟል፤ መሐል ላይ አንዲት ሴቴ፣ ዙሪያዋን ወንዴዎቹ። ሴቴዋ ሦስት ክፍል ያለው ፍሬ ትሆናለች። ፍሬው ሲደርቅ ተሰንጥቆ ዘሩን ይረጫል።

ለመትከል ግን ዘር መጠበቅ አያስፈልግም። የተቆረጠው ክንድ ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ ወተቱ ቆሞ ቁስሉ እስኪሽር ይቆይና በደረቅ፣ ውሃ በማይቋጥር አፈር ይቆማል። ቶሎ ከተተከለ ይበሰብሳል። ቆራጩም እጁን ሳይታጠብ ዓይኑን አይነካም።