ወለምታና የወጌሻ እጅ

በሩጫና በእግር ኳስ ሜዳ ዘወትር ከሚያጋጥሙት ጉዳቶች አንዱ የቁርጭምጭሚት ወለምታ ነው። ልጁ እያነከሰ ከጨዋታ የገባበት ወላጅ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚያስበው ወጌሻ ማስጠራትን ነው። ወጌሻውም እግሩን በቅባት አሽቶ፥ ስቦና ጨምቆ፥ በጨርቅ ጠፍሮ ይሄዳል። ይህ ከአባቶቻችን የወረስነው ልማድ በጠቅላላው ሊናቅ አይገባውም፤ ሳይመረምሩ መከተልም አይገባም። የእጅ ሕክምና በጊዜውና በልኩ ሲሆን ይጠቅማል፤ ያለ ጊዜውና ያለ ልኩ ሲሆን ግን ቀላሉን ጉዳት ከባድ ያደርገዋልና።

አስቀድሞ ወለምታ ምን እንደ ሆነ መረዳት ያስፈልጋል። የእግር ዐጥንቶች እርስ በርሳቸው የተያያዙት በጅማት ነው። ሯጩ ጐርበጥባጣ መሬት ሲረግጥ፥ ወይም ተጫዋቹ ዘሎ ሲያርፍ እግሩ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ፥ በውጭ በኩል ያሉት ጅማቶች ካቅማቸው በላይ ይሳባሉ። ጉዳቱም ሦስት ደረጃ አለው፤ በመጀመሪያው ጅማቱ ይለጠጣል፥ በሁለተኛው በከፊል ይበጠሳል፥ በሦስተኛው ፈጽሞ ይበጠሳል። እንግዲህ በተራ ወለምታ ከቦታው የወጣ ዐጥንት የለም። ስለዚህ «ዐጥንቱን ወደ ቦታው ልመልስ» ብሎ እግርን በኀይል መጐተት የተጐዳውን ጅማት እንደ ገና መጉዳት ነው።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ስብራትን ከወለምታ መለየት ነው። በካናዳ አገር በኦታዋ ከተማ የሚገኙ ሐኪሞች በ1992 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ለዚህ የሚረዳ ደንብ አውጥተዋል። በቁርጭምጭሚቱ ግራና ቀኝ ጐልተው የሚታዩት ዐጥንቶች ጫፋቸው ወይም የኋላ ጠርዛቸው ሲነካ የሚያም ከሆነ፥ ወይም የተጐዳው ሰው ወዲያውኑም ሆነ በሐኪም ፊት 4 እርምጃ መራመድ ካቃተው፥ በራጅ መታየት አለበት። የእግሩ መካከለኛ ክፍል ዐጥንት ሲነካ የሚያምም ቢሆን እንደዚሁ ነው። የልጆች ዐጥንት ገና በማደግ ላይ ስለ ሆነ፥ ጥርጣሬ ሲኖር ለሐኪም ማሳየት ይሻላል። ይህ ሳይታወቅ እግሩን ለማንም እጅ አሳልፎ መስጠት አይገባም።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚበጀው እግሩን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፥ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ መያዝና በሚለጠጥ ፋሻ በልኩ ማሰር ነው። ያበጠውን አጥብቆ ማሸት ግን መድማቱንና እብጠቱን ሊያብስ ይችላል። ከሁሉ የሚከፋው አጥብቆ መጠፈር ነው። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፥ ከደነዘዙ ወይም ከጠቈሩ ማሰሪያውን ወዲያው ፈትቶ ወደ ሐኪም መሮጥ ይገባል። በአገራችን ደም እንዳይዘዋወር ተደርጎ በመታሰሩ ሥጋው ሞቶ እግሩ የተቈረጠ ልጅ ጥቂት አይደለም።

ታዲያ እጅ የሚጠቅመው መቼና እንዴት ነው? ከወለምታ በኋላ እግር ወደ ቅልጥም አቅጣጫ መታጠፍ እንቢ ይላል፤ ስለዚህም ቍጢጥ ማለትና ደረጃ መውረድ ያስቸግራል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በአንድ እጁ ቅልጥሙን ደግፎ፥ በሌላው እጁ ከቅልጥም በታች ያለውን ዐጥንት ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ይገፋል። በ2001 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የታተመ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ጥናት፥ ይህ ሕመም የማያስነሣ ሕክምና ከዕረፍትና ከበረዶ ጋር የተጨመረላቸው ሕሙማን፥ ያለ ሕመም እግራቸውን ለማጠፍ ጥቂት የሕክምና ቀን እንደ በቃቸው አሳይቷል። የኒውዚላንዱ ባለሙያ ብራያን ሙሊጋን ያስፋፋው ዘዴም አለ፤ ባለሙያው ዐጥንቱን ሲገፋ ታካሚው ራሱ እግሩን ያንቀሳቅሳል። ሁለቱም ከመጐተትና ከመጨመቅ እጅግ የራቁ ናቸው።

ነገር ግን የባለሙያው እጅ መንገዱን ይከፍታል እንጂ ሥራውን አይፈጽምም። አንድ ጊዜ ወለም ያለ እግር ደግሞ ወለም የማለቱ ዕድል የበዛ ነው። ስለዚህ ሕመሙ ሲቀንስ በአንድ እግር መቆምን፥ በጣቶች ላይ መነሣትን፥ እግርን በዝግታ ማጠፍና መዘርጋትን በየቀኑ መለማመድ ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለው ልምምድ የወለምታን መደጋገም እንደሚቀንስ በጥናት ታውቋል።

እንግዲህ ወላጆችና አሠልጣኞች ሆይ፥ እብጠቱ ስለ ጐደለ ብቻ ልጁን ወደ ሜዳ አትመልሱት። ያለ ሕመም መሮጥና መዝለል፥ በተጐዳውም እግሩ ጸንቶ መቆም እስኪችል ድረስ ታገሡት። ወጌሻ ብትጠሩም ስብራት አለመኖሩን ካረጋገጣችሁ በኋላ ይሁን፤ እጁም የለዘበ፥ ማሰሪያውም የላላ ይሁን።