የከሳች ጥገት ላም ወደ ቀድሞ ሰውነቷ እንድትመለስ

ላም ወልዳ ስታጠባ መክሳቷ የተለመደ ስለ ሆነ ብዙ ሰው ከቁም ነገር አይቆጥረውም። እኛም በየካቲት ዕረፍት ከቢሾፍቱ ወጣ ብሎ በአድአ ጥቁር አፈር ላይ ከሚገኝ አንድ የገበሬ ቤት ሄደን አንዲት ጥገት እስክናይ ድረስ ነገሩን በመጽሐፍ ብቻ ነበር የምናውቀው። የላሚቱ የጎድን አጥንት አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ሻኛዋ አጋድሏል፤ የጭራዋ ሥር ግራና ቀኙ ጎድጉዷል። አራተኛ ወሩን የያዘው ጥጃዋ ግን ደኅና ነው። የቤቱ እመቤት ዕድሜያቸው የገፋ ባልቴት ናቸው። «ልጆቼ፣ እስዋ እኮ የበላችውን ሁሉ ለእኛ ነው የምትሰጠው» አሉን።

አባባላቸው ትክክል ነው። ላም በወለደች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወተቷ ቶሎ ይጨምራል፤ የመብላት ችሎታዋ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚከተለው። በመካከል ያለውን ጉድለት የምትሞላው ከገዛ ስቧ፣ ቆይቶም ከሥጋዋ እየቀነሰች ነው። መኖ ባነሰ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጓደለው ለሚቀጥለው ጽንስ የሚደረገው ዝግጅት ስለ ሆነ፣ የከሳች ላም ብዙ ወራት ኮርማ ሳትፈልግ ትቆያለች። እርግዝናዋ 9 ወር ከ10 ቀን ያህል ነው፤ እንግዲህ በየዓመቱ እንድትወልድ ከተፈለገ በወለደች በ80 ቀን ገደማ መፅነስ ይኖርባታል። ይህች ላም ያ ቀን አልፏታል። ሌላ ላም ለሌለው ቤት ይህ መዘግየት ወተት የሌለበት ብዙ ወር ማለት ነው፤ ነገ በሬ የሚሆነውም ጥጃ አብሮ ይዘገያል።

በየቀኑ የሚያያት ሰው መክሳቷን ቶሎ አያስተውልም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1986 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የነበረው የአፍሪቃ ዓለም አቀፍ የከብት ማዕከል ሻኛ ላላቸው ከብቶች የሚሆን መመዘኛ አውጥቷል። ከብቱን ከሲታ፣ መካከለኛና ወፍራም ብሎ ይከፍልና እያንዳንዱን እንደገና በሦስት ከፍሎ 9 ደረጃ ያደርገዋል። ሚዛን አይጠይቅም፤ ዓይንና እጅ ይበቃል። እኛ በእጃችን ዳስሰን ላሚቱን ከከሲታዎቹ መካከል አስገባናት።

መኖ ከመጨመር በፊት ግን በሽታ አለመኖሩን ማረጋገጥ ይገባል። ጥርሷ ያለቀ እንደ ሆነ ጭዱን ማኘክ ይቸግራታል። ውሃ በሚተኛበት አገር ደግሞ በውሃ ቀንድ አውጣ አማካይነት የሚተላለፈው የጉበት ትል አለ፤ የዓይን ሽፋኗ ውስጡ የነጣ፣ ከመንጋጋዋ ሥር ያበጠ ላም ሲገኝ እርሱን መጠርጠር ነው። መድኃኒቱን የእንስሳት ሐኪም ይሰጣል፤ ወተቷ ሳይጠጣ የሚቆይበትንም ቀን እርሱ ይወስናል።

በምግቡ በኩል የምንሳሳተው ጭድ ከተትረፈረፈ አትራብም ብለን ነው። ጭድን በትልቁ ጨጓራዋ ውስጥ የሚያላሉት በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ተሐዋስያን ናቸው፤ እነርሱም በሚገባ እንዲሠሩ ከምግቡ ከመቶ 7 እጅ ያህል ፕሮቲን ያስፈልጋቸዋል። የጤፍ ጭድ ያለው 5 እጅ ገደማ ነው። ጉድለቱን ከሚሞሉት አንዱ ከመቶ 30 እጅ ያህል ፕሮቲን ያለው የኑግ ፋጉሎ ነው። ሁለት እጅ ፉርሽካ ከአንድ እጅ ፋጉሎ ጋር ተቀላቅሎ በቀን ከግማሽ ኪሎ ተጀምሮ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ 2 ኪሎ ከፍ ቢል መልካም ነው። የምስርና የሽምብራ ገለባ ከጤፍ ጭድ ስለሚሻል ለእርስዋ ይቀመጥ፤ ያልሻገተ አተላም ይረዳል፤ ጨውና እንደ ልብ የሚጠጣ ውሃ አይጓደልባት። አዝኖላት በአንድ ቀን ቁና ሙሉ ገብስ የሰጣት ሰው ግን ጨጓራዋን አኮምጥጦ ሊገድላት ይችላል።

ዋናው ክርክራችን በጥጃው ነገር ነበር። ከእኛ አንዱ በፈረንጅ ላም መጽሐፍ ያነበበውን ይዞ «እማማ፣ ጥጃውን ፈጽሞ ይለዩት» አላቸው። ባልቴቲቱ ሳቁበት፤ የአገራችን ላም ጥጃዋን ካላየች ወተቷን አታወርድም፤ ያን ጊዜ ለልጆቹ የሚሆን ወተት ከየት ይምጣ? እኛም ሐሳባችንን ለወጥን። ጥጃው ቀኑን ሙሉ ሲጎትታት ከሚውል ጧትና ማታ ብቻ ቢገናኛት፣ በመካከሉም ድርቆሽና ገለባ ቢለምድ፣ ጥቢው ስለሚቀንስ ኮርማ የምትፈልግበት ጊዜ ሊቀርብ ይችላል። ከዚህም ጋር ጊዜው የዐቢይ ጾም ዋዜማ ስለ ነበር፣ ትልልቆቹ ወተት በማይቀምሱበት በዚያ 55 ቀን የማታው ማለብ ቀርቶ የጧቱ ብቻ ለሕፃናቱ እንዲሆን ሐሳብ አቀረብን።

«የፋሲካው ቅቤስ?» አሉ። ይህን አላሰብንበትም ነበር። በጾም የሚጠራቀመው ቅቤ ለዶሮው ወጥ ብቻ ሳይሆን ተሽጦ ለጨውና ለሳሙና የሚሆን ነው፤ ፋጉሎውም የሚገዛው ከዚያው ገንዘብ ነው። እመቤቲቱ ጥቂት አስበው የማታውን ማለብ ለመተው ተስማሙ፤ ፋጉሎውን ግን የምንለውን ግማሽ ብቻ እንደሚገዙ ነገሩን።

ለፋሲካ ተመልሰን አየናት። ጠጉሯ አብረቅርቋል፤ ፊተኛው ጎድኗ ተሸፍኖ የኋለኛው ብቻ ይታያል፤ በመመዘኛው አንድ ደረጃ ከፍ አለች ብንል የተጋነነ አይመስለንም። ቅቤው ከአምናው አንሷል። ኮርማ ግን ገና አልፈለገችም ነበር።